ለወንድም የተነፋ ጥሩንባ

ጴንጤው ኤርጫፎ ሲሞት የዕድሩ ዳኛ «ለመናፍቅ ጥሩንባ አይነፋም» ብለው ከለከሉ። ጥሩንባ ነፊው ዘገየ ግን ሰፈሩን እየዞረ ነፋ።

«ማን ሞተ?» አሉት ሰዎች።

«ወንድሜ!»

ዳኛው እየሮጡ ደረሱበት። «አንተ ምን ወንድም አለህ? ከዕድሩ ተባረሃል፤ ስትሞት ቀባሪ አታገኝም!»

«አባታችን ሆይ የምንለው የማንን አባት ነው? እኔ ቀባሪ ልጣ፤ እሱ ግን ብቻውን አይሸኝም!» ብሎ ደግሞ ነፋው።

ቄስ መዝገቡ ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኟቸው። ዳኛው እፎይ አሉ።

«አባ፣ በዚህ ደፋር ላይ ይፍረዱልኝ!»

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ። ዳኛው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ።

«የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ አምጣ» አሉ ቄሱ። «ሐዘንተኞቹ ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ድንኳኑን እኔና ዘገየ እንተክላለን።»