የአጎት ፔንግ ትዕግሥት

ሞኝ አይታችሁ የማታውቁ እንደሆነ በሰኔ ወር ሲንቹ ከተማ ብቅ ማለት ይበቃል። የሩይጓንግ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ በየዓመቱ ባለአክሲዮኖቹን ሰብስቦ ኪሳራውን ያረዳቸዋል። እነሱም በስጦታ የሚታደለውን ፔርሙዝ ለመቀበል ሲጋፉ ኪሳራውን ይረሱታል።

ከሁሉም የባሰው አገሩ ሁሉ አጎት የሚለው ሽማግሌው ፔንግ ነው። ፋብሪካው የተከፈተ ጊዜ የመስኖው ቦይ ወደዚያ ዞረና የመንደሩ የሩዝ ማሳ ጦሙን አደረ። ጎረቤቶቹ በካሳው ገንዘብ ሱቅ ከፈቱበት፣ መኪና ገዙበት። ፔንግ ግን የዚያኑ ፋብሪካ አክሲዮን ገዛ።

ዋጋው ወረደ፤ ሽማግሌው ጨመረ። ደግሞ ወረደ፤ ደግሞ ጨመረ። አንዱ አክሲዮን በሻይ ከተቀቀለ እንቁላል ሲረክስ፣ ሌሎቹ የነሱንም "እባክህ ገላግለን" እያሉ አስታቀፉት። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሊቀመንበሩ ቀጥሎ ብዙ ድምፅ ያለው እሱ ሆነ።

ሊቀመንበሩ ጉዎ ከአባቱ ወንበር ወረሰ እንጂ ጭንቅላት አልወረሰም። ሲከስር አጥሩን ቀለም ያስቀባል፤ ሲብስበት መፈክሩን ይቀይራል። ፔንግ በየጉባኤው ይነሳና "አይዞህ ልጄ፣ እኔ አልቸኩልም" ይለዋል። ያን ጊዜ ጉዎ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። አንድ ጋዜጣማ "ታጋሹ ባለአክሲዮን" ብሎ የሽማግሌውን ፎቶ አወጣ። ትዕግሥት ይሉታል እንግዲህ!

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። ባንኩ ሊያሽገው የደረሰውን ፋብሪካ አንዲት ያን የምትባል መሐንዲስ ላድነው ብላ መጣች። ደንበኛም ገንዘብም አዘጋጅታለች፤ የጠየቀችው የጉዎን ወንበር ብቻ ነው። እሷ ካልተመረጠች ፋብሪካው እንደሚዘጋ የፔርሙዝ ሰልፈኞቹ እንኳ ገብቷቸዋል። ድምፁ ሲቆጠር እኩል ለእኩል ሆነ፤ የቀረው የፔንግ ብቻ ነበር።

ልጁ ሹ-ቺን በአዳራሹ በር ላይ ክንዱን ያዘችው።

"አባ፣ ዛሬ እንኳ ልብ ግዛ። ድምፅህን ለያን ስጥ።"

"ጉዎ ጊዜ ያስፈልገዋል።"

"ዕድሜህን ሙሉ ሰጠኸው እኮ! ምን አቅምሶህ ነው ይሄ ጉረኛ? ያለህን ሁሉ ገደል ልትከት ነው?"

"ምሳ በልተሻል?" አላት።

መሐንዲሷ ያንም ቀረብ ብላ ጎንበስ አለች። "አጎቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ሰው ከቀጠለ ፋብሪካው ክረምቱን አይወጣም።"

"አውቃለሁ ልጄ። አንቺ በጣም ጎበዝ ነሽ" አላት። ከዚያ ገባና ድምፁን ለጉዎ ሰጠ።

አዳራሹ በሳቅና በስድብ ተናወጠ። ጉዎ ከመድረኩ ወርዶ ሽማግሌውን አቅፎ አለቀሰ። ሁለት ጅሎች ተቃቅፈው ማየት ያሳፍራል።

በሐምሌ ባንኩ ፋብሪካውን አሸገ። ሠራተኞቹ ዕቃቸውን በካርቶን ታቅፈው ወጡ። ጉዎ በጓሮ በር ሾልኮ ሄደ። አክሲዮኑን ከዚያ ወዲያ በነጻም የሚቀበል አልተገኘም።

ሹ-ቺን ወሬውን እንደሰማች ብድግ አለች። ያ ምስኪን ሽማግሌ ራሱን አንድ ነገር ቢያደርግስ? በሞተር ብስክሌቷ ወደ መንደር በረረች። ቤቱ ክፍት ነው፤ አባቷ የለም። ጓዳውን አየች፣ ጓሮውን ዞረች፣ ስሙን እየጠራች ወደ በሩ ስትመለስ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ።

"እህቴ፣ አባትሽን ጥሪልኝ፤ 'በሐምሌ ውኃው ወደ እኛ ይመለሳል' ብለው ገና በግንቦት ያዘዙትን የሩዝ ችግኝ አምጥቼላቸዋለሁ።"