ሳይበላ የሚወርድ ስኳር

ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ልብስ ሰፊው የስልሳ ሁለት ዓመት ሰው ሳለ፣ የቆሽቱ ሕዋሳት ኢንሱሊን እንዲያመነጩ እንደገና ተሠርተውለት ከሐኪም ቤት ወጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ራሱን ሲወጋበት የኖረውን መርፌም ጣለ።

ነገር ግን አዲሶቹ ሕዋሳት ሥራ የሚጀምሩት እሱ ሲበላ ሳይሆን ሚስቱ ስትበላ ነበር። እሷ ጓዳ ገብታ አንድ ነገር ከቀመሰች፣ እሱን በስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ላብ ያጠምቀዋል፤ ስኳሩም ያሽቆለቁላል።

«አንቺ ሴት፣ ደግሞ ምን ጎረስሽ?» ብሎ ይጣራል።

«ኧረ አንዲት ብስኩት ናት። አሁንስ የሆዴ ሰላይ ሆነህ ቀረህ፤» ትለዋለች።

ሐኪሙ ሊያምናቸው ስላልቻለ ራሳቸው መላ ዘየዱ፤ እሱ ሳይጎርስ እሷ አትጎርስም። እንዲህ ተጠባብቀው ሁለት ዓመት በሰላም ኖሩ።

ከዚያ እሷ ታመመችና በሦስተኛው ቀን አረፈች። ከቀብሯ በኋላ ሕዋሳቱ ጸጥ አሉ፤ እሱም ወደ መርፌው ተመለሰ።

በተቀበረች በአሥራ አንደኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ መርፌውን ገና ሳይወጋ፣ እንደ ድሮው ላብ አጠመቀው። የስኳር መለኪያው ሃምሳ ሁለት ብቻ አለ። ሴት ልጁ ስኳር በውኃ በጥብጣ አጠጣችው፤ አርባ አራት ገባ።

«አንቺ ምግብ ቀምሰሻል?» አላት።

«ኧረ አባዬ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል ባፌ አልዞረም።»

እንደገና ለካችው። ሠላሳ ስምንት።

ሽማግሌው ፊቱን ወደ ጓዳው መለሰና፣ ሚስቱን ዘወትር ይጠራት በነበረበት ድምፅ፣ «እባክሽ፣ ቀስ ብለሽ ብዪ፤» አለ።

ልጁ ጣቱን ዳግመኛ ወጋችው። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት ላይ ቆሞ ነበር።