ጋሽ ሄልሙት ሲነሱ

«እትዬ ትብለጥ፣ እጅዎን ሰብሰብ ያድርጉ። ይሄኛው አይቆጠርም» አለች ሄለን፣ የስልኳን ሰዓት እያቆመች።

ትብለጥ ደንግጣ እጇን አየችው። እውነትም ከጋሽ ሄልሙት ብብት ሥር ገብቷል። መቼ እንደሄደባት አላወቀችም። ስምንት ወር ሙሉ ሽማግሌውን ሲያለብስ፣ ሲያጎርስ፣ ደግፎ ሲያነሳና ሲያስቀምጥ የከረመ እጅ፣ ዛሬ ተው ቢባል በጄ አላለም።

ፈተናው ለሌላ ሰው ፈተና አይባልም። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ ማንም ሳይደግፍ፣ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ ነው። ጋሽ ሄልሙት ባለፈው ሳምንት የቻሉት ሁለቱን ብቻ ነበር። ኦሃዮ ያለችው ልጃቸው ቁርጡን ተናግራለች፤ ዛሬም ካቃታቸው ይህ የአሌክሳንድሪያ ቤት ይዘጋና እሳቸው አረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ። ሄለን ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገች ፊዚካል ቴራፒስት ናት፤ ያን ቀን ያቃታቸውን ምክንያት ስትናገር ነገር ማለሳለስ አልሆነላትም። «ሁሉን ነገር እርስዎ ስለሚያደርጉላቸው እኮ ነው ጡንቻቸው ዊክ የሆነው» ብላት ሄደች።

ይቺ ንግግር ሳምንቱን ሙሉ ትብለጥን እንቅልፍ ነሳቻት። እሷ እኮ ያከበረቻቸው መስሏት ነው። ጠዋት ስካይላይን ካለው ቤቷ መጥታ በሩን ስትከፍት፣ ራሷ ያስተማረቻቸውን «ኖር» ብለው ሊነሱ ይፍጨረጨራሉ፤ እሷም «በእግዜር፣ በእግዜር» እያለች ትከሻቸውን ይዛ መልሳ ታስቀምጣቸዋለች። ያን የሚያህል ሰው ለሷ ሲነሳ እንዴት ዝም ብላ ታያለች? ሰውዬውን በገዛ አክብሮቷ ከወንበሩ ጋር ሰፋቻቸው።

«ትብለጥ» አሉ ጋሽ ሄልሙት ትንፋሻቸውን ሰብስበው። እንግሊዝኛቸውን ከስንት ዓመት በኋላም ጀርመንኛው አልለቀቀውም። «እዚያ ፎቶ ላይ ያለውን ትንሹን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

ታውቀዋለች እንጂ፤ በየሳምንቱ አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት። ዋርካ ዋርካ የሚያካክሉ ስምንት ወጣቶች ረጅም ቀጭን ጀልባ ላይ ተደርድረዋል። ከፊት ያለው ጋሽ ሄልሙት ናቸው፤ ሦስት ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን የሆኑት፣ ኋላም አሜሪካዊት አግብተው እዚህ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ተማሪ ቀዛፊዎችን ሲያሠለጥኑ ያረጁት። የጀልባው ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ኮሳሳ ሰው ፊቱን ወደነሱ አዙሮ ተቀምጧል። ትብለጥ ሁልጊዜ የምታዝነው ለሱ ነበር፤ መቅዘፊያ ያልደረሰው ይመስላታል።

«እኛ የምንቀዝፈው ጀርባችንን ለመድረሻው ሰጥተን ነው» አሉ። «የምንሄድበትን የሚያየው እሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን እንኳ መቅዘፊያ ነክቶ አያውቅም። እኔ የምቀመጠው ፊት ለፊቱ ስለነበር፣ ሲደክመኝ ፊቱን አያለሁ። ስንት እንደቀረን የማውቀው ከሱ ፊት ነው።» ወደ ባዶው ወንበር ጠቆሙ። «እዚያ ተቀመጪ። እጅሽም ላይ ተቀመጪበት።»

ትብለጥ ወንበሩን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ከተተች። ሄለን ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ሬዲ?» አለች።

አንድ። ሁለት። እነዚህን ደህና አድርገው ተወጧቸው። ሦስተኛው ላይ ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ፤ የትብለጥም እጅ ከገባበት ተላወሰ። አራተኛው ላይ ግማሽ ድረስ ሄደው ቀጥ አሉ። ጥርሳቸውን ነክሰው ፊቷን አዩና ተነሱ፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ዋን ሞር» አለች ሄለን በቀስታ።

አልተነሱም። የትብለጥን ፊት እያዩ ነበር። ምን እንደሚያዩባት አታውቅም፤ የምታውቀው ይህን በር ከፍታ ባዶ ወንበር ማየት እንደማትችል ነው። እንደ አባቴ ነው የምወዳቸው፣ አለች በሆዷ፤ በቃ እንደ አባቴ። እንባዋ ሲመጣ መጥረጊያ እጅ እንኳ አልነበራትም።

ጋሽ ሄልሙት ወደፊት ዘንበል አሉና ተነሱ።

ሄለን ውጤቱን ጻፈች፤ ዛሬውኑ ለልጃቸው ኮል እንደምታደርግ ነግራቸው ወጣች። ትብለጥ ኩሽና ገብታ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ በብርጭቆ ውሃ ቀድታላቸው ተመለሰች።

በሩ ላይ ስትደርስ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። «ኖር» አሉ ጋሽ ሄልሙት፤ ሰዓት የሚይዝ ሰው በሌለበት፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሊነሱ ጀምረዋል። «በእግዜር» ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጠችው። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ተነስተው እስኪጨርሱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።