ስድስተኛው ምሰሶ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዛፉ ሥር አራት ሰዎች ነበርን፤ መሐንዲሱ፣ ባለመጋዙ፣ ልብስ ሰፊዋ አክስቴ እና የመንገድ መብራቶቹን ቦታ በገመድ የለካሁት እኔ።

አክስቴ የስፌት መኪናዋን ከግንዱ አስጠግታ ተቀምጣለች። አልተነሣችም።

«እናቴ፣ ይነሡልን እንጂ» አለ መሐንዲሱ። «ይኼ መብራት የሚሠራው በፀሐይ ነው። ሶላሩ ላይ ጥላ ካረፈ ባትሪው አይሞላም።»

«ቅርንጫፉን ብቻ ቁረጡት።»

«በሁለት ወር መልሶ ይበቅላል። እኔ እኮ የምደክመው ለእናንተው ነው። የሰፈሩ ጄኔሬተር ሲጠፋ ጭሱ ይቀራል፤ ናፍጣው ወደ ወንዙ መፍሰሱ ይቀራል።»

«ይኼን ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ያ ጭስ ስንት ነጭ ቀሚስ አጥቁሮብኛል! መብራቱ ይምጣልን ብዬ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሜ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዛፍ ቆርጣችሁ ነው አየር የምታጸዱት?»

ባለመጋዙ ሳቀና ሳል አስመሰለው።

መሐንዲሱ ወረቀቱን ዘረጋ። ዛፉ ሥር የተተከለውን ምሰሶ አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ቆይ፣ ቦታው እኮ እዚህ አልነበረም። ስምንት እርምጃ ወደዚያ፣ ዛፍ የሌለበት አጥር ጋ ነው። ማን ነው የለካው?»

ወረቀቱ «ከመንገዱ ማዕዘን ጀምር» ይላል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ግን «የመጀመሪያው መብራት እኔ በር ላይ ይቁም» አሉኝ። ገመዱን ከበራቸው ዘረጋሁ። ስድስተኛው ጉድጓድ አክስቴ በምትሰፋበት ዛፍ ሥር ሲያርፍ አይቻለሁ። ቆፋሪዎቹ ቆፈሩ፣ ሲሚንቶው ፈሰሰ፣ ደረቀ። ትንፍሽ አላልኩም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ኃላፊው ከበራቸው ጀምር ብለውኝ ነው።»

«ታዲያ ያኔ አፍህን ምን ያዘው?»

እሳቸው ኃላፊ ናቸው፤ እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ።

መሐንዲሱ ራቅ ብሎ ለኃላፊው ስልክ ደወለ። «እሺ ጌታዬ… እሺ ጌታዬ» ሲል ይሰማናል። ሲመለስ አክስቴን ቀና ብሎ አላያትም።

«ምሰሶው አይነቀልም ተብሏል። ለምረቃው እንግዶች ዛሬ ይመጣሉ።»

አክስቴ ክሯን፣ መቀሷን፣ ያልተጠናቀቀውን ቀሚስ ሰበሰበች። መኪናዋን ላነሣላት እጄን ስሰድ ገፋችው።

«ተወው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። ያንተ ዝምታ ግን መጋዝ አስገባብኝ። ቤቴ መስኮት የለው፣ ፀሐይ ላይ አልቀመጥ፤ በል እስቲ፣ የት ሆኜ ልስፋ?»

ባለመጋዙ ሞተሩን አስነሣ፤ የቤንዚን ጭስ ወደ ቅጠሎቹ ወጣ።

ዛፉ አራት ሰዓት ሳይሞላ ወደቀ። እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ መጡ። ፀሐዩ ስለበረታባቸው፣ ስለ ንጹሕ አየር የሚደረገው ንግግር ወደ አዳራሽ ተዛወረ።