ከመዶሻው ፊት የሚቆመው

ሱቁ እጀታ ይገጥማል። ሌላ ሥራ የለውም። የመዶሻ፣ የመጥረቢያ፣ የዶማ ብረት ይመጣል፤ እንጨት ተገጥሞለት ይሄዳል።

ሟቹ ባለቤት አንድ ሕግ ትተው ነበር። እጀታ የገጠመ ሰው መዶሻው ሲሞከር ከፊት ለፊቱ ይቆማል። የሚመታው ሌላ ሰው ነው። ድንጋይ ላይ አሥር ምት። ብረቱ ከወለቀ የት እንደሚያርፍ ሁሉም ያውቃል። በዚህ ሕግ የተነሳ ሱቁ ውስጥ ሰነፍ ሠራተኛ በርክቶ አያውቅም።

አሁን የቀሩት ሁለት ናቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ናቸው። የእጀታውን አናት ሰንጥቀው ደረቅ የወይራ ሽብልቅ ይመቱበታል። እንጨቱ ይሰፋና ብረቱን አንቆ ይይዛል። የሽብልቃቸው ቆርቆሮ ውስጥ ሁልጊዜ ጧት አሥራ ሁለት ፍሬ አለ። ሲጎድል ጠርበው ይሞሉታል። ከዚህ ሌላ ስለ እሳቸው የሚወራ የለም፤ እሳቸውም አያወሩም።

ሁለተኛው የባለቤቱ አማች ነው። ኢንጂነሩ ይባላል። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሁለት ሳምንት ሠልጥኖ ወረቀት አመጣ። ወረቀቱ መስታወት ገብቶለት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ቦታ ስለጠበበ የሟቹ አማቱ ፎቶ ወረደ።

ከወረቀቱ ጋር አንድ ጣሳ ኮላ አመጣ።

«አባባ፣ በዚህ ዘመን ሽብልቅ? ኮላ እያለ?»

«ኮላ መዶሻ አይችልም» አሉ ሽማግሌው። «ሲመታ ይላቀቃል።»

«ሥልጠናው ላይ አላየሁዎትም እኮ!»

ቀጠሮ ተያዘ። ሁለቱም አንድ አንድ መዶሻ ይገጥማሉ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰው ባለበት ይሞከራል። ኮላው ከያዘ ሱቁ ሽብልቅ ገጣሚ አያስፈልገውም። የሟቹ ሚስት ነገሩ አልጣማትም። ግን ልጇ እርጉዝ ናት፤ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ አልፈለገችም። እሺ አለች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁለቱም ጨረሱ። ኢንጂነሩ የመዶሻውን አናት ኮላ ለቀለቀና ጥቁር ቀለም ቀባው። «የፋብሪካ አይመስልም?» ብሎ ለምሳ ወደ ጓሮው ቤት ገባ።

የሟቹ ሚስት ሽማግሌውን ምሳ ልትጠራ መጣች። በመስኮቱ አየች። ጥቁሩን መዶሻ በጉልበታቸው መሃል ይዘው መሮ አናቱ ላይ አስቀምጠዋል። በቀስታ ይመታሉ። ጠቅ። ጠቅ።

በሩን ከፈተች። «ምን እያደረጉ ነው?»

«እያየሁት ነው» አሉ። አውራ ጣታቸው ጥቁር ነበር። እጃቸውን በሽርጣቸው ሸፈኑት።

እየሮጠች ወደ ጓሮው ቤት ተመለሰች። «ልጄ፣ ዛሬ እንዳትቆም! መዶሻህን ጎርጉረውታል። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ኢንጂነሩ አፉን እየጠረገ ወደ ሱቁ ሄዶ መዶሻውን አገላብጦ አየ። እናትና ልጅ ተከተሉት። አናቱ ልስልስና ጥቁር ነው። ቀለሙ ብቻ ጣቱ ላይ ተጣበቀ።

«አየሩ እርጥብ ስለሆነ ነው» አለ። «የኔን ኮላ በመሮ? አይ አባባ! ይልፉ።»

«ባልሽን አንቺ ንገሪው» አለቻት እናት ልጇን።

«መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?» አለች ልጅቷ፤ ሆዷን ይዛ።

የሟቹ ሚስት ወደ ሽማግሌው ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስንት ዓመት አብረን በላን። ይህ ልጅ ነገ አባት ይሆናል። ይቅርብን ይበሉ።»

ሽማግሌው ጥቁሩን መዶሻ አዩት።

«ይቁም» አሉ።

መጀመሪያ ሽማግሌው ቆሙ። ኢንጂነሩ የሳቸውን መዶሻ አንስቶ ድንጋዩ ላይ አሥር ጊዜ አሳረፈ። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ማንም አላጨበጨበም፤ የለመዱት ነው።

ከዚያ ኢንጂነሩ ቆመ። እጁን አጣምሮ ደረቱን ነፋ። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ እንትፍ አሉና ጥቁሩን መዶሻ አነሱ። በሃያ ዓመት ጎረምሳ ጉልበት መቱ። በሦስተኛው ምት የሟቹ ሚስት ዓይኗን ጨፈነች። በሰባተኛው ልጅቷ ጮኸች። ሽማግሌው ኃይላቸውን አልቀነሱም።

አሥር።

ብረቱ እንዳለ ነው። ሰዉ ሱቁን በጭብጨባ አናጋው።

«እንግዲህ አባባ» አለ ኢንጂነሩ፤ «ሽብልቁን ለጥርስ መጎርጎሪያ ያድርጉት!»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን አውልቀው አጣጠፉት። ቆርቆሮውን ከላዩ አስቀምጠው ወጡ። የሟቹ ሚስት ደህና ይሁኑ እንኳ አላለቻቸውም። ኢንጂነሩ ቆርቆሮውን ዘረገፈና ቆጠረ።

«አሥር! ለአንድ መዶሻ ሁለት ሽብልቅ ጨርሰዋል። እርጅና እንዲህ ነው።»

በሳምንቱ የድንጋይ ካባው አለቃ አርባ ትልልቅ መዶሻ አዘዘ። ኢንጂነሩ አርባውንም በኮላ ገጠመ፤ አርባውንም ጥቁር ቀባ። መኪና ላይ ተጭነው ሲያልቁ አለቃው ስለ ሕጉ ጠየቀ።

«እኛም ጋ ይቆማሉ?»

«በአርባውም ፊት! ነገ ጧት፣ ሠራተኞችዎ እያዩ። የፈለገ ይምታ።»

«ጎበዝ! ለመሆኑ ይህ ኮላ እንዴት ነው እንዲህ የሚይዘው?»

ኢንጂነሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ነበር። በወረቀቱ ጎን የተሰቀለውን ያን የቅዳሜውን መዶሻ አወረደ። እጀታውን ከብረቱ ሥር በመጋዝ ቆረጠው። የቀረውን ጉማጅ ከሥር በብረት ይመታው ጀመር። አልወጣም አለው። ላቡ ተንጠፈጠፈ።

«ያዩታል?» አለ እያለከለከ። «ኮላ ማለት ይህ ነው!»

አንዴ ሲደግም ጉማጁ ወጥቶ ወለሉ ላይ ለሁለት ተከፈለ።

ከመሃሉ ደረቅ የወይራ ሽብልቅ ወደቀች።