አድራሻው ብቻ ቀረ

የቪዲዮ ባለሙያዋ ወንድምና እህት በፍላሽ ያመጡላትን የዲቪዲ ሥራ ስትከፍተው፣ በማውጫው ገጽ ላይ የተደረደሩት የቪዲዮ ሳጥኖች በሙሉ ጥቁር ሆነው «ፋይሉ አልተገኘም» አሉ። ወንድምየው ፍላሹን ነቅሎ በሸሚዙ ጠርዝ ጠረገና መልሶ ሰካው። ያው ነበር።

«ሁሉንም ገልብጫለሁ» አለ። «ቪዲዮዎቹን ከኮምፒውተሬ ያጠፋሁት እኮ ከዚያ በኋላ ነው።»

«የገለበጥከው ቪዲዮዎቹን አይደለም፣ ወንድሜ» አለች ባለሙያዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይሄ ፋይል የሚይዘው ኮምፒውተርህ ላይ የተቀመጡበትን አድራሻ ብቻ ነው። ቤቱን አንተው አፍርሰኸዋል።»

እህትየው ከወንበሯ ብድግ አለች። «ቦታ ጠበበኝ ብለህ እናታችንን ደመሰስካት? የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ! አንተን ብሎ አዋቂ!»

እሱ ከሳጥኖቹ ሥር ራሱ የጻፋቸውን ርዕሶች በጣቱ እየተከተለ ወረደ፤ እማዬ ስትመርቅ፣ እማዬ ስትስቅ፣ እማዬ ስትቆጣን። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ለእህቴ ብቻ» ይላል።

እህትየው አነበበችው።

«ይሄ መቼ ነው?»

«ሆስፒታል፤ አንቺ መንገድ ላይ እያለሽ። ሳትደርሺ እንዳትሞት ፈርታ ቅረጸኝ አለችኝ።»

«ምን አለች?»

«“ወንድምሽ ላይ አትጩሂበት፤ ከእኔ በኋላ ያለሽ እሱ ነው” አለች።»

«ውሸታም!» አለችው። ከዚያ ወንበሯን ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች። «እስቲ ድገመው። እንደ እሷ አድርገህ።»

ሞከረ፤ ድምፁ ግን የእናታቸውን አልመሰለም።