የፍላሹ ክርክር

«ከስምንተኛ ክፍል ያላለፍክ ሰውዬ፣ ኮምፒውተር ልታስተምረኝ ነው?» አለ አብሮ አደጉ ኢንጂነር ይሄይስ፣ እንደ ልማዱ እየሳቀ።

ሰውየው ይህን ስድብ ሠላሳ ዓመት ውጦታል። ዛሬ ግን ኢንጂነሩን በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ኮምፒውተሩ ሊያሳፍረው ቆርጧል።

«ኮምፒውተር እንደ ዘበኛ ነው። አዲስ ፍላሽ ሲሰካበት ‹አዲስ ዕቃ መጣ› ብሎ ይጽፋል፤ ቀድሞ የሚያውቀውን ግን ዝም ብሎ ያሳልፋል። ይኸው የሚስቴ ፍላሽ! ከቦርሳዋ ተለይቶ አያውቅም፤ እሷም ቤትህን ረግጣው አታውቅም። ልሰካውና እይ!»

የኢንጂነሩ ሳቅ ቀጥ አለ።

«ተወው በቃ፣ አንተ ነህ ልክ» አለው።

ሰውየው ዕድሜ ልኩን የናፈቀው ቃል ነበር። ግን አልጠገበም፤ ማሸነፉን በዓይኑ ማየት ፈለገና ፍላሹን ሰካው።

ኮምፒውተሩ አንዲት ቃል ሳይጽፍ የሚስቱን ፎቶዎች ዘረገፈ።